የጥርስ ሕመም ለምን ደብረ ብርሃን ድረስ ይሄዳል?

(ደብረ ብርሃን ከተማ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለመምህራን፣ ለወረዳ ኃላፊዎችና ለአገር ሽማግሌዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከግሼ ራቤል፣ ከሚዳ ወረሞ፣ ከበረኸት፣ ከአንጾኪያ ገምዛ ድረስ ተነሥታችሁ እዚህ አዳራሽ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ለዛሬው ርእስ ከእናንተ አመጣጥ የተሻለ ማስረጃ አላገኝም። እናንተ በጤናችሁ የመጣችሁበትን መንገድ፣ ጉንጩ አብጦ አንድ ዓይኑ የተጋረደ ገበሬ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ሳያይ፣ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ይመጣበታል። የሚመጣው አንድ ጥርስ ለማስነቀል ነው። ነቀላው ራሱ ብዙ ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ለዚያች ሩብ ሰዓት የአውቶቡስ ዋጋ፣ የአልጋ ኪራይ፣ የአስታማሚ ምግብና የሥራ ቀናት ይከፈላሉ። ባለፉት ዓመታት መንገዱ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ደግሞ ያም መምጣት ቀርቶ ሕመሙን ይዞ ቤት መዋል ሆኗል።

እኔ መንዝ ተወልጄ ያደግሁ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። የምናገረውን ከመነሻው ልግለጽላችሁ። የሰሜን ሸዋ ገጠር የጥርስ ሐኪም እስኪመደብለት ድረስ መጠበቅ የለበትም። ሐኪም ይመደብለት፤ ለዚያም እንታገላለን። ነገር ግን ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሠራው ነርስና ጤና መኮንን፣ በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከጥርስ ሕመም አብዛኛውን እዚያው ለማከምና ለመከላከል የሚያበቃ ዕውቀትና መሣሪያ ሊሰጣቸው ይቻላል። ይህ አይቻልም የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸውን አውቀዋለሁ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

አስቀድሜ ግን ሕመሙ እንዴት እንደሚሄድ ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ጥፋት የሚደርሰው የሕመሙ ጠባይ ስለሚያታልል ነው።

በአፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርና የስኳር ዘር የሆነ ምግብ ሲያገኙ አሲድ ይሠራሉ። አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። መጀመሪያ የሚታየው ነጣ ያለ ነጥብ ነው፤ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፤ ከዚያ ይቦረቦራል። እስከዚህ ድረስ ሕመም የለም፤ ቢኖርም ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጡ ጥዝ የሚል ስሜት ብቻ ነው። ቀዳዳው ወደ ውስጥ ዘልቆ ነርቩና የደም ሥሩ ካሉበት ክፍል ሲጠጋ ግን ሰውየው ሌሊት ከመኝታው ተነሥቶ በግቢው ውስጥ ይንቆራጠጣል። ውስጡ ያለው ሥጋ ይቆጣል፤ ማበጥ ይፈልጋል፤ በጠንካራ ጥርስ ስለተከበበ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። የጥርስ ሕመም እንዲያ የሚከፋው ለዚህ ነው።

ሰው በዚህ ጊዜ እጁ ላይ ያለውን ይሞክራል። ቅርንፉድ ነክሶ ይይዛል፤ ያስታግሰዋልም። ቅርንፉድ ዩጂኖል የሚባል ነርቭን ለጊዜው የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር አለው፤ እኛም በክሊኒካችን የምንጠቀምበት ነው። በዚህ በኩል እናቶቻችን ትክክል ነበሩ። አረቄ መያዝ ግን ድዱንና የጉንጩን ቆዳ ከማቃጠል በቀር ለቀዳዳው የሚፈይደው የለም። የእምቧይ ፍሬ አጭሶ ትል ለማስወጣት መሞከርም እንዲሁ ነው፤ በጥርስ ውስጥ ትል የለም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ የባትሪ አሲድ ጠብ የሚያደርጉት ነው። እባካችሁ በየቀበሌያችሁ ይህን የሚያደርግ ሰው ካለ አስቁሙት፤ ጥርሱን ብቻ ሳይሆን አጥንቱን ጭምር ይበላል።

ከዚያ አንድ ቀን ሕመሙ በድንገት ይተዋል። «ተመስገን፣ ተወኝ» ይላል ሰውየው። የተወው ነርቩ ስለሞተ ነው። ኢንፌክሽኑ ግን በሥሩ በኩል ወደ አጥንቱ መውረዱን ይቀጥላል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ መግል ይቋጥርና ጉንጩ ያብጣል። አሁን ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች፣ የሕመም ማስታገሻም ይሰጠዋል። እብጠቱ ይቀንሳል። ምንጩ የበሰበሰው ጥርስ ውስጥ ስለሆነ ግን ይመለሳል። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ያንኑ መድኃኒት ይወስዳል። ማስታገሻውን በባዶ ሆዱ እየዋጠ ጨጓራውን ያቆስላል። ጀርሙ ደግሞ መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል። ጤና ጣቢያው ያለውን ሰጠ፤ ታካሚውም የተባለውን አደረገ። የጎደለው ጥርሱን የሚነቅል ሠልጣኝ እጅና የሚነቅልበት መሣሪያ ነው።

አንዳንዴ ነገሩ ከዚህም ያልፋል። ከታችኛው መንጋጋ የተነሣው መግል ወደ ምላስ ሥር ይወርድና ወደ አንገት ይሰራጫል። አገጩ ሥር ያለው ቦታ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ምላሱ ወደ ላይ ይገፋል፤ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፤ በመጨረሻም የአየር መተላለፊያው ይዘጋል። ሕክምናው ስሙን ሉድዊግስ አንጃይና ይለዋል። በጥርስ ሰው ይሞታል። ይህን የምላችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፤ «ጥርስ ምን አላት፣ ሌላ አጣዳፊ በሽታ አለብን» የሚል ኃላፊ በየበጀት ስብሰባው ስለማይጠፋ ነው።

ጤና ጣቢያ ያልሄደው ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ወጌሻውን ለመስደብ አልተነሣሁም። ሌላ ሰው ባልነበረበት ዘመንና ቦታ የሰው ሕመም ያስታገሰ እሱ ነው። ግን በጉጠት፣ ያለ ማደንዘዣ፣ ካንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ በሚዘዋወር ብረት የሚነቀል ጥርስ ሥሩ ተሰብሮ ይቀራል፣ መንጋጋ ይሰነጠቃል፣ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ይተላለፍበታል።

ስለ ሕፃናት ደግሞ ለብቻው መናገር አለብኝ፤ ይህን ጉዳይ በቸልታ ልናገረው አልችልም። ግግ ማስወጣት በየወረዳችን አለ። ሕፃኑ ተቅማጥና ትውከት ይይዘዋል፣ ያተኩሰዋል፤ እናቱ ድዱን ስታየው የውሻ ጥርስ በሚወጣበት ቦታ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠ ነገር ታያለች። ያ ነጭ ነገር ሊበቅል የተዘጋጀ ጤነኛ የወተት ጥርስ ነው። ግግ አውጪው በመርፌ ወይም በስለት ድዱን ቀዶ ያወጣዋል። በወጣው ለጋ ጥርስም «ይኸው በሽታው» ተብሎ ይታያል። ሕፃኑ ይደማል፤ ውኃ ባለቀበት ሰውነቱ ላይ የደም መፍሰስ ይጨመርበታል፤ ቴታነስና ሌላ ኢንፌክሽን ይገባበታል። ከዳነም ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ ተጎድቶ ጠማማ ሆኖ ይበቅላል ወይም ጨርሶ ሳይበቅል ይቀራል። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷቸው የውሻ ጥርሳቸው ቦታ ባዶ የሆነ ልጆች ሲመጡልኝ እናቶቻቸውን ስጠይቅ ታሪኩ ያው ነው። ተቅማጡን የሚያድነው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ዚንክና የእናት ጡት ነው። ይህንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ያውቃሉ። የምጠይቀው ለተቅማጥ ስትጠራ የሕፃኑን አፍም ገልጣ እንድታይ፣ ለእናቲቱም «ይህ ነጭ ነገር ጥርሱ ነው፣ አትንኪው» እንድትላት ብቻ ነው። የቀሳውስትና የእድር ሰብሳቢዎች ቃል እዚህ ላይ ከእኛ ነጭ ጋውን ይልቅ ይሰማል።

አፍ ገልጦ የማየት ነገር ሌላም ጥቅም አለው። ኖማ የሚባል የፊትን ሥጋ የሚበላ በሽታ አለ። በተለይ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ኩፍኝ ወይም ሌላ ከባድ በሽታ ያዳከማቸውን ልጆች ይይዛል። ሲጀምር ድድ ላይ ያለ ቁስል ነው፤ በዚያ ጊዜ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ በአፍ ንጽህናና በምግብ ይቆማል። ካልታከመ ከሚያዛቸው አብዛኞቹን ይገድላል፤ የተረፈውም ጉንጩ ተበልቶ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። በክንድ መለኪያ ቴፕ የሕፃናትን የምግብ እጥረት የምትለካው ሠራተኛ አጠገባቸው ናት። ክንዱን ከለካች በኋላ ከንፈሩን ብታነሣ የሚጨምርባት ጊዜ ኢምንት ነው።

ወደ ቁጥር ልምጣ፤ ብዙ አላበዛም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአፍ በሽታዎች ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ ማለትም የዓለምን ግማሽ ገደማ ይይዛሉ። በአፍሪካ አህጉር ያለው የጥርስ ሐኪም ለ100 ሺህ ሰው ሦስት ገደማ ሲሆን፣ ይህ ከዓለም አማካይ አንድ አሥረኛው ነው። ያም ቢሆን አማካይ ነው፤ ሐኪሞቹ የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ነው። የእኛ ዞን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ብቻ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ አብዛኛውም ገጠር ነዋሪ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጥታችሁ የጥርስ ሐኪም ማግኘት የዕድል ጉዳይ መሆኑን ከእኔ ይበልጥ እናንተ ታውቃላችሁ።

«እንግዲያውስ ብዙ ሐኪም እናሠልጥን» ይባላል። እውነት ነው፣ እናሠልጥን። ግን አንድ ሐኪም ተመርቆ ወደ ወረዳ ሆስፒታል ሲመደብ ምን እንደሚገጥመው እንይ። የማውቀው አንድ ወጣት ባልደረባዬ ወደ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተመደበ። ክፍል ተሰጠው። የጥርስ ወንበር አልነበረም። ወንበሩ ሲመጣ የአየር መጭመቂያው አልነበረም። መጭመቂያው ሲመጣ መብራቱ የማይበቃው ሆነ። የማደንዘዣው ካርቱጅ አንዴ ካለቀ ለወራት አይተካም። ባልደረባዬ ተመላላሽ ክፍል ገብቶ ሳልና ወባ ያክም ጀመር፤ ቀጥሎም ኮሚቴ በኮሚቴ ሆነ። ሞፈርና ቀንበር ሳይሰጡት ማሳ ላይ አቁመው ለምን አላረስክም እንደሚሉት ገበሬ ማለት ነው። ሲለቅ «ገንዘብ ወዳድ» ተባለ። እኔ ግን እጁ ሙያውን እየረሳ መሆኑን ሲነግረኝ ፊቱን አይቻለሁ። ሐኪም የሚሸሸው ገጠሩን ብቻ አይደለም፤ ሥራ አጥ ሆኖ መቀመጡንም ይሸሻል።

ስለዚህ የሰው እጥረት ስንል የመሣሪያ፣ የአቅርቦትና የአደረጃጀት እጥረትም ማለታችን ነው። ደግነቱ ለመጀመሪያው ደረጃ ሕክምና ያ ውድ ወንበር አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በምሥራቅ አፍሪካዋ ታንዛኒያ መብራትና የጥርስ መቦርቦሪያ በሌለበት ቦታ የሚሠራ የሙሌት ዘዴ ተጀመረ። የበሰበሰው የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ተጠርጎ ይወጣል፤ ቀዳዳው ግላስ አዮኖመር በሚባል ከጥርሱ ጋር ራሱ በሚጣበቅና ፍሎራይድ የሚባለውን ጥርስ የሚያጠነክር ንጥረ ነገር በሚሰጥ ሲሚንቶ ይሞላል። ታካሚው አግዳሚ ወንበር ወይም ጠረጴዛ ላይ ቢተኛ ይበቃል። ብዙ ጊዜ መርፌም አያስፈልገውም። ሌላው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ነው፤ በትንሽ ብሩሽ ቀዳዳው ላይ የሚቀባ ፈሳሽ ነው። መበስበሱን ያቆመዋል። የነካውን ቀዳዳ ስለሚያጠቁረው ለፊት ጥርስ ሁሉም ወላጅ አይወደውም፤ ለሕፃን መንጋጋ ጥርስ ግን ለቅሶና መርፌ ሳይኖር የሚሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን ሁለቱንና ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ከዚያ ቀደም ብሎም እ.ኤ.አ. በ2002 መሠረታዊ የአፍ ሕክምና ጥቅል የሚባል ሰነድ ወጥቶ ነበር፤ ሦስት ነገር ይዟል፦ አጣዳፊ ሕመምን ማስታገስና ጥርስ መንቀል፣ በዋጋ የሚቀመስ የፍሎራይድ ሳሙና፣ እንዲሁም አሁን የነገርኳችሁ ወንበር የማይፈልግ ሙሌት። የእኛ ጤና ጣቢያዎች በእነዚህ ሦስቱ ይጀምሩ ነው የምለው።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልግባ። «ሐኪም ያልሆነ ሰው የሰው አፍ መንካት የለበትም፤ ለገጠሩ ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ልትሰጡት ነው» የሚሉ የሙያ ወንድሞችና እህቶች አሉኝ። ሥጋታቸውን አከብራለሁ። ይህ ክርክር ግን አዲስ አይደለም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1921 ለትምህርት ቤት ልጆች የጥርስ ነርሶችን ለሁለት ዓመት አሠልጥና ማሰማራት ስትጀምር ሐኪሞች ተከራክረው ነበር። በአሜሪካ አላስካ ግዛት ያሉ የቀደምት ነዋሪዎች መንደሮች ብዙዎቹ በትንሽ አውሮፕላን ካልሆነ የማይደረስባቸው ናቸው። ሐኪም አይቆይላቸውም ነበር። ስለዚህ የራሳቸውን ልጆች መርጠው ወደዚያችው ኒውዚላንድ ላኩ፤ ልጆቹ ሠልጥነው ተመልሰው መንጋጋ መንቀልና መሙላት ጀመሩ። የአገሪቱ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ክርክሩ በባለሙያዎቹ ሥራ መቀጠል አበቃ፤ ሚኔሶታ የተባለችው ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ተመሳሳይ ባለሙያዎችን በሕግ ፈቀደች። ያ ሁሉ ሐኪም ያላት ሀብታም አገር ለሩቅ መንደሮቿ መልስ ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው።

ግን አላስካ ድረስ መሄድ ለምን ያስፈልገናል? የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው ሐኪም በሌለበት ገጠር የሚሠሩ ጤና መኮንኖችን ለማውጣት ነበር። የዚህ አዳራሽ ግማሽ የዚያ ሐሳብ ፍሬ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በአገራችን የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖች እየሠለጠኑ ነው፤ ዛሬ በወረዳ ሆስፒታሎች ምጥ የያዛትን እናት በቀዶ ሕክምና የሚያዋልዱት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ሆድ ከፍቶ ልጅ የሚያወጣ መኮንን ያመንን ሰዎች፣ የተነቃነቀ መንጋጋ የሚነቅል መኮንን ለማመን የምንሠጋበት ምክንያት አይታየኝም።

ወሰኑ ግን ይታወቅ። የሠለጠነው ነርስ አፉን መክፈት ያቃተውን፣ እብጠቱ ወደ አንገት የወረደበትን፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስደውን፣ ስኳሩ ያልተስተካከለለትን ታካሚ አይነካም፤ ይልካል። ተቀብሮ የቀረ የጥበብ ጥርስም የእሱ ሥራ አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ያየ እንደሆነ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ይልካል። ሲልክም ዝም ብሎ ወረቀት ጽፎ አይሁን፤ ፎቶ አንሥቶ በስልክ ለእኛ ይላክልን፤ ታካሚው ከመሳፈሩ በፊት «ና» ወይም «እዚያው ይታከም» እንበለው። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም።

ሥልጠናው ተግባር ይሁን። ዩኒቨርሲቲያችን በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ካምፓስ አለው፤ እዚሁ ከተማ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ሠልጣኞች እዚህ መጥተው ለጥቂት ሳምንታት በእውነተኛ ታካሚ ላይ፣ ከጎናቸው ሐኪም ቆሞ ይሥሩ። ወደ ቦታቸው ሲመለሱም እኛ በየሩብ ዓመቱ ሄደን አብረናቸው እንሥራ። የሥራ ወሰናቸውን በጽሑፍ እንዲያጸድቅ የክልሉን ጤና ቢሮ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ባለሙያው ነገ በሕግ እንዳይጠየቅ።

ስለ ንጽህና አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሙያዬ ይወቅሰኛል። መሣሪያ አፍልቶ መጠቀም በየትኛውም ቦታ በቂ አይደለም፤ በእኛ አገር ደግሞ ይበልጥ አይበቃም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ይበልጥ ከፍ ባለችው መሐል ሜዳ ደግሞ ውኃው የሚፈላበት ሙቀት ከዚያም ዝቅ ይላል። የጉበት ቫይረስንና የቴታነስን ዘር በእርግጠኝነት ለመግደል በታፈነ እንፋሎት 121 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መቆየት አለበት። መብራት በሌለበት ጤና ጣቢያ በጋዝ ወይም በነጭ ጋዝ ምድጃ ላይ የሚጣድ አነስተኛ የእንፋሎት መቀቀያ ይህን ያደርጋል። መቀቀያው የሌለበት ቦታ ጥርስ መንቀል አይጀመር። በዚህ ላይ አልደራደርም።

አሁን መምህራንን ላናግር። የገጠር ልጅ ጥርስ ድሮ ከከተማው ልጅ ጥርስ ይሻል ነበር። ቆሎ፣ በሶ፣ የገብስ ቂጣ በልቶ፣ በወይራ ወይም በክትክታ መፋቂያ ፍቆ ነው ያደገው። ዛሬ ከረሜላ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ከየገበያው ወደ የቤቱ ይገባሉ፤ መፋቂያው ግን ቀርቷል፤ በምትኩም ብሩሽ አልገባም። መፋቂያ መልካም ነው፤ ጫፉ በየጊዜው ይቆረጥ፣ ወደ ውስጠኛው ጥርስም ይድረስ። የጎደለው ፍሎራይድ ነው። ስለዚህ በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ፣ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ይጨመርበት፤ የፍሎራይዱን መጠን የሚያሳይ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም የሚል ቁጥር በማሸጊያው ላይ ይፈለግ። ለትልቅ ልጅ የአተር ፍሬ ታህል፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለው የሩዝ ፍሬ ታህል ይበቃል። ከፋቁ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ አፍን በብዙ ውኃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱ ይታጠባልና። በጾም ጠዋት ውኃ እንዳይገባባችሁ የምትጠነቀቁ ምእመናን ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ፋቁ። ምራቅ በሌሊት ስለሚቀንስ ለጥርስም ዋናው ሰዓት ያ ነው። ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ልጆች በአንድነት የሚፍቁበት ጥቂት ደቂቃ ቢያወጡ ልማዱ ወደ ቤት ይገባል።

ከምንጃርና ከበረኸት ቆላ የመጣችሁ ስለ ቡናማ ጥርስ መጠየቃችሁ አይቀርም። በስምጥ ሸለቆ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይዱ ከሚፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ የሆነበት ቦታ አለ፤ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሳለ ያንን ውኃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። በመፋቅ አይለቅም። እንዲህ ያለ ጥርስ በብዛት የምታዩበት ቀበሌ ካለ ውኃው ይመርመር፤ መፍትሔው የውኃ ምንጩን መቀየር ነው።

የወረዳ ኃላፊዎች ስለ ገንዘብ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም፤ ነቀላንና የመግል ሕክምናን ግን አባሉ በመንግሥት ተቋም ሲያገኝ በመዋጮው ይታከማል። አገልግሎቱ ጤና ጣቢያው ላይ ከሌለ ግን ያ መታወቂያ ለጥርስ ምኑም አይደለም። መዋጮውን ከፍሎ፣ እንደገና የመንገዱን ከፍሎ፣ ደብረ ብርሃን ወይም የግል ክሊኒክ ድረስ የሚሄድ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን ለምን ያድሳል? የመድኑ አባላት ቁጥር ቀነሰ ብላችሁ የምታዝኑ ኃላፊዎች አንዱን ምክንያት እዚህ ፈልጉት።

ለረጅሙ ጊዜ ደግሞ የራሳችንን ልጆች እናሳድግ። ገጠር ተወልዶ ያደገ ተማሪ ተመርቆ ወደ ገጠር የመመለስ ዕድሉ ከሌላው እንደሚበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችን በገጠር ለማቆየት ባወጣቸው መመሪያዎች ውስጥ በግልጽ አስፍሮታል። ከእነዋሪ፣ ከዘመሮ፣ ከመራኛ፣ ከሞላሌ የሚመጡ ጎበዝ ልጆች ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ክፍሎች እንዲገቡ የሚያበረታታቸው፣ ሲመለሱም ወንበርና ማደንዘዣ የሚጠብቃቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

ከእያንዳንዱ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የምጠይቀውን ልናገርና ልጨርስ። ከሁለት ጤና ጣቢያዎች ሁለት ሁለት ሰው ምረጡልን፤ አንዱ ጤና መኮንን፣ ሌላዋ ነርስ ትሁን፤ የአካባቢው ተወላጆች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ዝውውር የጠየቀ ሰው አትላኩልን። በዘንድሮው የመድኃኒት ግዢ ዕቅዳችሁ ላይ የነቀላ መሣሪያ ስብስብ፣ የማደንዘዣ ካርቱጅ፣ ግላስ አዮኖመርና የእንፋሎት መቀቀያ ይግቡበት። የገጠር ሰው ለሕመሙ ጊዜና ገንዘብ የሚያገኘው አዝመራው ከተወቃ በኋላ ነው፤ ታካሚው በብዛት የሚመጣው ከጥር ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ማለቅ አለበት። የስም ዝርዝሩን በሩ አጠገብ የተቀመጡት ባልደረቦቼ ይመዘግባሉ፤ ስም ያላዘጋጃችሁ ደግሞ ስልክ ቁጥራችሁን ተዉላቸው፤ በዚህ ሳምንት ውስጥ እኛው እንደውልላችኋለን። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።